ደረጃው ላይ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

እዚህ አምድ ላይ የባልና የአማት ጉዳይ እንደሚበዛ አውቃለሁ። የኔ የደመወዝ ነው።

ደሴ ውስጥ አንድ ሆስፒታል በሥነ ምግብ ባለሙያነት ከተቀጠርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ስመረቅ እናቴ «ልጄ ሐኪም ሆነች» ብላ ሰፈሩን ሁሉ ቡና አጠጥታለች። አሁን «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት «የልጆች ምግብ ታድላለች» ትላለች። አልፈርድባትም። የስቶሩን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠውን የለውዝ ቅቤ መሰል ምግብ፣ የፕላምፒ ነትን ካርቶን እቆጥራለሁ፣ ፈርሜ እረከባለሁ። ክንድ እለካለሁ፣ ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ልጁን በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ብዬ እመዘግባለሁ። የወር ሪፖርቴ ይኸው ነው።

አብሮኝ የተቀጠረው ነርስ በትርፍ ሰዓት ዲዩቲ ይገባል፣ የዲዩቲው ክፍያ ቤት ኪራዩን ይሸፍንለታል። ለኔ ዲዩቲ የለም። ከደመወዜ ግማሹ ለአከራይ ነው። ባለፈው ወር የታማሚ ወጥ ቤት ተቆጣጣሪዋ ወሊድ ስትወጣ ደግሞ ሽንኩርት እየመዘንሽ ተረከቢ ተባልኩ። ስብሰባ ላይ አለቃችን «የወጥ ቤቷ ልጅ» ብለው ጠሩኝ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ታማሚ አላይም ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ስኳር ያለባቸውን «እሷን ጠይቋት» እያለ ይልክልኛል። ክፍል ስለሌለኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን። ከባቲ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። በባዶ ሆድ ስኳራቸው 260 ነበር፣ በአራት ወር 140 ገባ። ካርዳቸው ላይ የጻፍኩት ነገር የለም፣ ለኔ የሚሆን ቦታም የለውም። ያው እግረ መንገድ ነው።

ሽንኩርቱ ግን አንገሸገሸኝ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ደረጃ ነው ያደግሁት።

ለማንኛውም፣ አንድ ድርጅት በሰቆጣ በኩል ለዘጠኝ ወር ኮንትራት ጠርቶኛል። ክፍያው ሦስት እጥፍ ነው። ሥራው ያው ክንድ መለካትና ፕላምፒ ነት ነው። እናቴ «የመንግሥት እንጀራ አይለቀቅም» ትላለች። ልሂድ ወይስ ልቅር?

ክንድ ለኪዋ፣ ከደሴ

*

የኔ እናት፣

ደመወዝሽ ትንሽ ነው። አለቃሽም ነውረኛ ናቸው። በዚህ አንከራከርም።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። የባቲውን ሽማግሌ በሦስት መስመር ጨርሰሽ ወደ ሽንኩርቱ ተመለስሽ። 260 የነበረ ስኳር 140 ገብቶ «ያው እግረ መንገድ ነው»? ለመሆኑ ያወረደው ኪኒኑ ነው ወይስ ያንቺ ምክር? ማን ያውቃል፤ አልጻፍሽውማ! ሐኪሙ ጽፏል። ላብራቶሪው ጽፏል። የፋርማሲዋ ልጅ የሰጠችውን መዝግባለች። ያንቺ ብቻ ደረጃው ላይ ቀርቷል። ከዚያ ደግሞ አንድ ደረጃ ብቻ አደግሁ ብለሽ ታለቅሻለሽ።

ለምን እንደጮህኩብሽ ልንገርሽ። እናቴ ስኳር ነበረባት። ሐኪም ቤት «ጣፋጭ ይተዉ» ብለው ሸኟት። የታዘዘችውን አከበረች፣ ስኳር ካፏ አልገባም። ሻዩን በማር አደረገችው። ማር መድኃኒት ነው ብላ፣ ያውም ሁለት ማንኪያ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጎበዝ፣ ተጠንቅቀሻል» ይላታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ከረመች። እግሯ ቆስሎ አልድን ሲል አንዲት ወጣት ባለሙያ «እማማ፣ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የቀመሱትን አንድ በአንድ ይንገሩኝ» አለቻት። ማሩ ያን ቀን ወጣ። ያቺ ልጅ ማን እንደሆነች አላውቅም። ካርዱን ኋላ አገላብጬ ፈልጌያታለሁ፣ ስሟ የለም። እሷም እንዳንቺ «እግረ መንገድ» ብላው ይሆናል።

ሙያሽ ለምን እንዲህ እንደሚታይ ይገባኛል። ወሎ የ66ንም የ77ንም ረሃብ አይቷል። እዚህ አገር ሥነ ምግብ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው የእርዳታ ሰልፍ ነው። መንግሥት በ2007 የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ራሱ የሚያወራው ከሁለት ዓመት በታች ስላሉ ሕፃናት የምግብ እጥረት ነው፤ እስከ 2022 ዓ.ም. ይጥፋ ብሎ። ያስፈልጋል፣ ማን ይጠላል? ማደል ብቻ እንዳልሆነም አንቺ ታውቂዋለሽ። ክፉኛ ተጎድቶ ሆስፒታል የተኛ ልጅ ኤፍ 75 በሚባለው ቀለል ያለ የሕክምና ወተት ተጀምሮ ሰውነቱ ሲረጋ ነው ጠንከር ወዳለው ኤፍ 100 ወይም ወደ ፕላምፒ ነት የሚሄደው። ራበው ብሎ ከመጀመሪያው ያጠገበው ሰው ሊገድለው ይችላል። ግን ደሴ ላይ ዛሬ ስኳሩ አለ፣ ደም ግፊቱ አለ፣ ኩላሊቱ አለ። እሱን የሚያይ ባለሙያ እንዳለ ሆስፒታልሽ የሚያውቅበት ወረቀት የለም። ሪፖርትሽ ላይ ያለው የክንድ ልኬት ነው። ስለዚህ ክንድ ለኪ ነሽ። ስሙን ላንቺ ያወጣው አለቃሽ ብቻ አይመስለኝም፣ ፊርማሽን እይው።

ሽማግሌው ሲመጡ ካርዳቸውን አስወጪ። ቦታ የለውም አልሽኝ። ሐኪሙ ከጻፈበት ሥር አራት መስመር አይጠፋም። በሌላው ዓለም ያሉ ባልደረቦችሽም የሚጽፉት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፦ ምን አገኘሽ፣ ከአመጋገባቸው ችግሩ የቱ ነው አልሽ፣ ምን መከርሽ፣ በቀጠሮው ምን ታያለሽ። «በቀን ሰባት ስኒ ቡና፣ በየስኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ወደ አንድ ወርደናል» ብለሽ ጻፊ። ቀንና ፊርማ። መጀመሪያ ግን ታማሚ የሚልክልሽን ሐኪም አናግሪው፤ በቃል ከሚልካቸው በወረቀት ይላካቸው። የወረቀቱን ቅጂ አስቀምጪ። ስድስት ወር ስትሞላ ቆጥረሽ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ አስገቢ። ክፍል ጠይቂ፣ ስቶሩን ለስቶር ሠራተኛ ይስጡልኝ በይ። እምቢ ሊሉሽ ይችላሉ። ለማስተርስ ስታመለክቺ ወይም ሌላ ሆስፒታል ስትወዳደሪ ግን በእጅሽ የሚያዝ ነገር ይኖርሻል።

ወደ ሰቆጣው ልምጣ። እኔ ብሆን አልሄድም። የሰለቸሽን ያንኑ ሥራ በሦስት እጥፍ ገዙሽ እንጂ ሌላ ምን ሰጡሽ? በአሥረኛው ወር ደሴ ተመልሰሽ ሥራ ፈላጊ ነሽ፣ የያዝሽው ወረቀትም ክንድ ለካች የሚል ነው። እናትሽ ትክክል ናት፣ ምክንያቷ ግን የኔ አይደለም። ኮንትራቱ ስኳርና ኩላሊት የሚያሳይሽ ቢሆን «ሂጂ፣ የመንግሥት እንጀራ የትም አይሄድም» እል ነበር። ዕዳ ካለብሽ ወይም ቤት ውስጥ የሚራብ ሰው ካለ ደግሞ እኔን አትስሚኝ፣ ነገውኑ ተሳፈሪ።

ሌላው፣ ሰው ሲስቅብሽ አብረሽ አትሳቂ። «የወጥ ቤቷ ልጅ» ሲሉሽ ዝም ብለሽ እያቸው።

ሽማግሌው ረመዳን ሲገባ ለሱሑር ምን ልብላ ማለታቸው አይቀርም። ያልሻቸውን ለኔም ጻፊልኝ፣ ካርዱ ላይ ከጻፍሽው በኋላ።