የተሰነጠቀ ካርቦን፣ ያልደረቀ ኢፖክሲ፦ ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ካርቦን ፋይበር ጥገና ናቸው። ካርቦን ፋይበር በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ክር ነው፤ ሙጫው ኢፖክሲ ደግሞ ሬዚንና ማድረቂያ የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩበት ነው። «አልደረቀልኝም» የሚለው ስለበዛ ከእሱ እንጀምር።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ የድሮናችንን የተሰበረ ክንድ በካርቦን ጨርቅና በኢፖክሲ ጠገንነው። ሐምሌ ነው፤ ሁለት ቀን አልፎትም ጣት ላይ ይጣበቃል። ማድረቂያ ጨምረን ከላይ እንድገመው?

መልስ፦ አትጨምሩ። «ማድረቂያ ሲበዛ ቶሎ ይደርቃል» የሚለው ልማድ የመጣው ከፖሊስተር ነው። ባምፐር የሚጠግኑ ሰዎች የሚይዙት ፖሊስተር ሬዚን ከ1 እስከ 2 በመቶ በሚሆን ማነሣሻ (መጠንከሩን በሚቀሰቅስ ፈሳሽ) ስለሚጠነክር፣ መጠኑን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ አድርጎ ፍጥነቱን መቆጣጠር ይቻላል። የኢፖክሲ ማድረቂያ ግን ማነሣሻ አይደለም፤ ከሬዚኑ ጋር ተቆላልፎ ራሱ የሙጫው አካል ይሆናል። ከልኩ ያለፈው የሚያያዘው አጥቶ ውስጡ ይቀርና ሥራውን ያለሰልሰዋል።

መጀመሪያ ችግሩን ለዩ። ለብ ባለ ውኃና በሻካራ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ፊቱን እሹት። መጣበቁ ጠፍቶ ሥሩ ጠንካራ ከሆነ፣ ያያችሁት በብርድና በእርጥበት ምክንያት ፊቱ ላይ የሚወጣ ሰም መሰል ላብ ብቻ ነው። ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ላቡ ወደ ጭረቱ ይገባና የሚቀጥለው ድርብ ወይም ቀለም አይዝም። ታጥቦ ነው የሚፋቀው።

ከታጠበ በኋላም የሚጣበቅ ከሆነ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ለ6 ሰዓት ያህል አሙቁት። የካርቶን ሣጥን፣ 60 ዋት የድሮ አምፖል (አዲሱ ኤልኢዲ አይሞቅም) እና ቴርሞሜትር ይበቃል፤ አምፖሉ ከካርቶኑም ከሥራውም ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ሰውም አይለየው። ከጠነከረ ችግሩ ብርድ ነበር። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የመድረቂያው ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ የጎንደር ክረምት ሌሊት ደግሞ ለኢፖክሲ አይራራም። ሞቆም ካልጠነከረ ልኬቱ ወይም ማማሰሉ ተሳስቷል። ያን ጊዜ ፍቆ ማውጣት፣ በአሴቶን መጥረግና እንደገና መጀመር ነው፤ ከላይ የሚደረብ ነገር ከሥር ያለውን አያድነውም።

ክፍሉን በከሰል ምድጃ ማሞቅ ግን አይታሰብ። ጭሱ በሰው ላይ ያለው አደጋ የታወቀ ነው፤ በዚያ ላይ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ ያንኑ ላብ ያመጣል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጠርሙሱ «100 ለ 30» ይላል። በመርፌ ሲሪንጅ 10 ሚሊ ሬዚንና 3 ሚሊ ማድረቂያ ቀላቀልኩ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ በክብደት (በግራም) ይሁን በይዘት (በሚሊ ሊትር) መለያው ላይ ያንብቡ። ሬዚን ከማድረቂያ ይከብዳል። በክብደት 100 ለ 30 የሆነው በይዘት ሲለካ ወደ 100 ለ 36 ይጠጋል፤ ስለዚህ 3 ሚሊ ሳይሆን 3.6 ሚሊ ያህል ያስፈልግዎት ነበር። ለትንሽ ሥራ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይፈልጉ፤ 1 ግራም እየዘለለ የሚያነበው የወጥ ቤት ሚዛን አይበቃም። ለ30 ግራም ቅልቅል 23.1 ግራም ሬዚንና 6.9 ግራም ማድረቂያ ይሆናል። ሦስት ደቂቃ ያማስሉ፣ የኩባያውን ግድግዳና ወለል ይፋቁ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ኩባያ ገልብጠው አንድ ደቂቃ ይጨምሩ። እዚህም እዚያም ለስላሳ ቦታ የሚቀረው ግድግዳው ላይ ሳይቀላቀል ከቆየው ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ የካርቦን ብስክሌቴ የላይኛው ቱቦ ሲወድቅ ድንጋይ መትቶት 2 ሳንቲሜትር ያህል ተሰነጠቀ። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ሙጫ ይይዘዋል?

መልስ፦ ሙጫው ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ ጭነት አይሸከምም። ወፍራም ስለሆነ ክሩ ውስጥ አይሰርግም። ጭነቱን የሚሸከሙት ክሮቹ ናቸው፤ የተቆረጠ ክር የሚተካው በአዲስ ክር ነው።

ቱቦውን በሳንቲም ጠርዝ ቀስ እያሉ ያንኳኩ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ድርቦቹ የተለያዩበት ቦታ ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። ጉዳቱ ዓይን ከሚያየው አልፎ ስለሚሄድ ድምፁ የተለወጠበትን ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩ። ቀለሙን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያንሱ። የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል አይንኩ፤ የቱቦውን ሬዚን አብሮ ያለሰልሳል። አቧራው ሳንባ ያስቆጣል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ ማስክ ያድርጉ፣ ከኮምፒውተርና ከቻርጀር ርቀው ይፋቁ።

የላላውን ክር አውጥተው ጠርዙን እንደ ተዳፋት ያሳሱ። ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ በያንዳንዱ ወገን 20 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቀጥ ብሎ እንደ ደረጃ ከተቆረጠ ጭነቱ እዚያው ይከማችና በአዲሱ ድርብ ጠርዝ ላይ እንደገና ይሰነጠቃል። ከዚያ በ120 ቁጥር ያሻክሩ፤ በአሴቶን በራሰ ነጭ ጨርቅ፣ ጥቁር መልቀቁ እስኪያበቃ ድረስ ይጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት።

በካሬ ሜትር 200 ግራም ከሚመዝነው ጨርቅ አንዱ ድርብ ከሩብ ሚሊ ሜትር ትንሽ ያንሳል፤ ለዚህ ቱቦ ከ5 እስከ 6 ድርብ ይበቃል። ከመቁረጥዎ በፊት መስመሩ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ፣ አለዚያ ይተረተራል። የመጀመሪያው ድርብ ተዳፋቱን ይሸፍን፤ የሚቀጥሉት እያንዳንዳቸው በሁለቱም ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይርዘሙ። አንዱን በቱቦው ርዝመት ልክ፣ ቀጣዩን በ45 ዲግሪ አዙረው ያፈራርቁ፤ ፔዳል ሲረገጥ ቱቦው ይጠመዘዛልና። የደረቀውን ጨርቅ ይመዝኑ፦ 20 ግራም ጨርቅ ወደ 20 ግራም ኢፖክሲ ይይዛል፤ ኩባያ ላይ ለሚቀረው 5 ግራም ይጨምሩ። ኢፖክሲ ሲበዛ ክብደት እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም።

በላዩ በመርፌ የተበሳሳ ስስ ላስቲክ ይጠቅልሉ። ከዚያ ናስትሮውን የሚጣበቀውን ፊት ወደ ውጭ አድርገው፣ ወይም ተቀዶ የተዘጋጀ አሮጌ ከመነዳሪ፣ ከመሐል ወደ ጫፍ አጥብቀው ያዙሩ። ትርፉ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። 24 ሰዓት አይፍቱት፤ ሳምንት ሳይሞላው አይጋልቡት። ፀሐይ ኢፖክሲን ስለሚያዳክመውና ስለሚያቢጫው፣ የመኪና ቀለም ቤት የሚሸጡትን ባለ ሁለት ጠርሙስ ግልጽ ቫርኒሽ ይቀቡት።

የላይኛው ቱቦ ስለሆነ ነው ይህን ሁሉ የጻፍነው። መሪው ወይም የፊት ሹካው ቢሆን መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ ይጣል፤ ሲሰበር አስቀድሞ አይነግርም፤ የአዘዞ መንገድ ደግሞ ቁልቁለት አለው።

ጥያቄ (ከፎቶ አንሺ)፦ የካርቦን ትራይፖዴ እግር ከአሉሚኒየም ቀለበቱ ወልቋል። ለጥምቀት ያስፈልገኛል። ባለፈው አጣብቄው ነበር፤ ፋሲለደስ መዋኛ ጠዋት ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲቆም ለቀቀ።

መልስ፦ ሁለት ነገር ተደራርቦብዎታል። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ ጥቁር ዕቃ ፀሐይ ላይ እዚያ መድረሱ አይከብድም። በአንድ ቀን ከጠነከረ በኋላ በመጀመሪያው መልስ ባነሣነው የአምፖል ሣጥን ውስጥ በየሰዓቱ 10 ዲግሪ እየጨመሩ 60 ያድርሱትና 6 ሰዓት ያቆዩት፤ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ከፍ ይላል። ሁለተኛው፣ ካርቦንና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ጥምቀት ላይ የሚረጨው ውኃ ደግሞ አይቀርም። አሉሚኒየሙ ሲበላ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት ፍቀው ያውጡ፣ ሁለቱንም ያሻክሩ፣ በመካከል አንድ ድርብ ስስ ፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) ያስገቡ። መስታወቱ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ሁለቱን ይለያያቸዋል።

ጥያቄ፦ 200 ግራም ቀላቅዬ ስልክ አንሥቼ ስመለስ ኩባያው ጨሰ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኢፖክሲ ሲጠነክር ሙቀት ይሰጣል፤ ኩባያ ውስጥ ሲከማች መውጫ አጥቶ ራሱን ያፈላል። ከ50 ግራም ባልበለጠ ይቀላቅሉ፣ ወዲያው ሰፊ ሳህን ላይ ያፍስሱት። የጨሰውን ደጅ ያውጡ፣ ጭሱን አይሽተቱ።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ የፍሪጅ ኮምፕረሰር ወደ ቫኩም ፓምፕ (አየር መሳቢያ) ቀይሬ ሥራውን ላስቲክ ውስጥ አስገብቼ አየሩን እስባለሁ። መለኪያው ከ0.75 ባር አላልፍ አለ። ፓምፑ ደክሟል?

መልስ፦ አልደከመም። የሚጫነው አየሩ እንጂ ፓምፑ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በሙሉ 0.78 ባር ገደማ ነው፤ በሥዕል ላይ የሚያዩት የ0.9 ባር ንባብ እዚህ አይገኝም። 0.75 ካነበበ ሊያገኙ የሚችሉትን ሁሉ አግኝተዋል። ይልቅ ፓምፑን አጥፍተው መርፌው በ10 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚወድቅ ይዩ፤ ቶሎ ከወደቀ ላስቲኩ ያፈሳል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከውጭ ስትመጣ ማድረቂያ በሻንጣ ታምጣልኝ?

መልስ፦ አታምጣ። ማድረቂያ ብዙውን ጊዜ ቆዳና ብረት ከሚበላ አደገኛ ዕቃ ስለሚመደብ በተሳፋሪ ሻንጣ አይፈቀድም። ጨርቁን ታምጣልዎት፤ እሱ ችግር የለበትም። ግን ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ ይምጣ፤ የታጠፈበት መስመር ክሩ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ከሠራሁ በኋላ የእጄ አንጓ ያሳክከኛል። በቲነር ነው የምታጠበው።

መልስ፦ ቲነሩ ኢፖክሲውን አሟምቶ ወደ ቆዳዎ ያስገባዋል። በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ፣ ወይም አስቀድመው በዘይት ይሹት። ጓንቱ ናይትራይል ይሁን፣ እጅጌው ላይ ይድረስ፣ ሲቆሽሽ ይቀየር። ማሳከኩ እስኪጠፋ ሥራውን ያቁሙ፤ አለርጂ ከሆነ በኋላ ጥቂቷም ጠብታ ትበቃለች፣ የሚመለስም አይደለም። ካልተሻለዎት የቆዳ ሐኪም ይዩት፤ የጠርሙሱን መለያ ይዘው ይሂዱ።