ዘበኛ ለመሆን አሥራ ሁለት ዓመት?

ከአጅባር የጻፍሽልኝ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደሴ አክስትሽ ቤት ሰንብተሽ የሙዚየም ሐውልቶች ሌሊት ነፍስ ከሚዘሩባቸውና «ናይት አት ዘ ሙዚየም» ከተባሉት፣ በተዋንያን ከተሠሩት ሦስት ፊልሞች የመጨረሻውን አይተሻል። ከዚያ ወዲህ ሙዚየም ውስጥ ከመሥራት ሌላ ምኞት የለሽም። ወንድምሽ ደግሞ «ዘበኛ ለመሆን ነው አሥራ ሁለት ዓመት የተማርሽው?» እያለ ይስቅብሻል።

አብሽሪ። ወንድምሽ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያየው አልመሰለኝም። ቤን ስቲለር የሚጫወተው ላሪ በመጀመሪያው ፊልም የሌሊት ዘበኛነቱን የያዘው ሥራ አጥቶ ቸግሮት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው በሦስተኛው ፊልም ማብቂያ ላይ መምህር ሆኖ እናገኘዋለን። የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የሩዝቬልትን የሰም ሐውልት የሚጫወተው ሮቢን ዊሊያምስ ፊልሙ ከመውጣቱ ከወራት በፊት ስላረፈ፣ የላሪና የሩዝቬልት ስንብት እኔን ዛሬም ያባባኛል። ወደ ጉዳያችን ልመለስ።

ሌሊት ሌሊት ሐውልቶቹን ነፍስ የሚዘራባቸው የወርቅ ሰሌዳ አረንጓዴ ዝገት ሲወርሰው፣ ላሪና ሐውልቶቹ መድኃኒት ፍለጋ ለንደን ወደሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ይጓዛሉ። የኬሚስትሪ መምህርሽን ብትጠይቂ ይስቃል፤ ንጹሕ ወርቅ አይዝግም፣ አረንጓዴ የሚሆነው መዳብና ነሐስ ነው። የምትመኚው ሙያ እንግዲህ እዚህ ላይ ይጀምራል። ፊልሙ ውስጥ ሰሌዳውን የሚያድነው የጨረቃ ብርሃን ነው፤ በእኛ አገር ቅርስን የሚያድነው ደረቅ ክፍል፣ ንጹሕ እጅና መዝገብ ነው። ብራናን እርጥበት ያሻግተዋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ የጧፍ ጠብታ ያበላሸዋል። ይህን የሚከላከል ባለሙያ ዘበኛ አይባልም።

ስለ ብሪቲሽ ሙዚየም ግን አንቺ ያላነሳሽውን ላንሳ፤ መቅደላ ጎረቤትሽ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲዘርፍ፣ ሪቻርድ ሆምስ የተባለ የዚያው ሙዚየም ሠራተኛ ቅርስ እንዲሰበስብ አብሮ ዘምቶ ነበር። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገዋል። ዛሬ 11 ታቦታት እዚያው ሙዚየም እጅ ናቸው፤ ለጎብኚ አይታዩም። ምን እንደተወሰደና የት እንዳለ የምናውቀው ምሁራን የሙዚየሞችንና የቤተ መጻሕፍትን መዝገብ ገጽ በገጽ ስለፈተሹ ነው። በቅርቡም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ይህ ዕቃ የእኛ ነው» ለማለት ፎቶግራፍ፣ ልኬትና ቁጥር ያስፈልጋል።

ስለ ትምህርቱ፦ ማኅበራዊ ሳይንስ ከሆንሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂና ቅርስ አስተዳደር ያስተምራል። ተፈጥሮ ሳይንስ ከሆንሽ ኬሚስትሪ አጥኚ፤ ወደ ቅርስ ጥገና የሚያስገባ በር ነው፣ በዚያ በኩል የሚገቡትም ጥቂቶች ናቸው። ግእዝ ማንበብ ተማሪ። ወሎ ስለሆንሽ የዓረብኛውንም ፊደል ጨምሪበት፤ የሐይቅ እስጢፋኖስን የብራና መጻሕፍትም በዓጀሚ፣ ማለትም አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል፣ የተጻፉ መንዙማዎችንም ማንበብ የሚችል ሰው እንደ ልብ አይገኝም።

አልሸነግልሽም፤ ክፍት የሥራ ቦታው ጥቂት ነው፣ መነሻ ደመወዙም የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ከጎኑ ማስተማርን ወይም አስጎብኚነትን ያዢ። ላሪም መጨረሻው ማስተማር መሆኑን አትርሺ።

እስከ ፈተናው ድረስ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ከቤታችሁ አሥር አሮጌ ዕቃዎች ምረጪ፤ የአያትሽ ሙዳይ፣ ጎታው፣ የአባትሽ ጋሻ ካለም ጋሻው። ለእያንዳንዱ ስሙን፣ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ከማን እንደመጣ፣ የት ጋ እንደተሰበረና ልኬቱን በሴንቲሜትር ጻፊ። የደብር ወይም የመስጊድ ንብረት ግን ያለ አለቃው ወይም ያለ ሼኹ ፈቃድ አትንኪ፣ ፎቶግራፍም አታንሺ። ዝርዝሩን ይዘሽ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂጂና ክረምቱን በነጻ ላግዛችሁ በያቸው።

አንድ ቅጂ ለእኔም ላኪልኝ። ዕቃዎቹን ስትለኪ ሜትሩን ወንድምሽ ይያዝልሽ።