ስለ ሪሰርች ሜተድ (የጥናት አሠራር ኮርስ) ለጠየቅሽው እህቴ፦ 300 መጠይቅ ያበላሸሁበት ታሪክ

ትናንት ማታ «ሐዋሳ ነው የምማረው፣ ማኔጅመንት ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ሪሰርች ሜተድ እየወሰድን ነው፤ መምህሩ ስላይድ ያነብልናል። ማስተርስ መቀጠል ስለምፈልግ ከአሁኑ በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ። የቱን መጽሐፍ ላንብብ? ለኤስፒኤስኤስ (ለዳታ ማስያ ሶፍትዌሩ) ሥልጠና መክፈልስ ያዋጣል?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ መልሱን አጠር አድርጌ ልጽፍልሽ ጀምሬ ረዘመብኝ። ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

እኔም እዚሁ ከተማ ነው የተማርኩት። እኔም ማኔጅመንት። ስላይድ የሚያነብ መምህር እኔም ነበረኝ። ኮርሱን ኤ ነው ያመጣሁት። የሳምፕሊንግ (ከብዙ ሰው ጥቂቱን የመምረጥ) ዓይነቶችን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግማቸው ነበር። ማስተርስ ላይ ግን ያ ኤ አንድ ሴሚስተር አስከፍሎኛል። በተራ ልንገርሽ።

1. ሲኒየር ኤሴይሽን (የመመረቂያ ጽሑፍሽን) አትገልብጪ። እኛ ምን እንዳደረግን ታውቂያለሽ፣ እናንተ ጋም ሳይኖር አይቀርም። ካለፈው ባች አንድ ወረቀት በፍላሽ ተገኘ። የባንኩን ስም ቀየርን፣ ዓመተ ምሕረቱን ቀየርን፣ ተመረቅን። አንድ ገጽ ላይ የድሮው ባንክ ስም ቀርቶ ነበር፤ ያየው የለም። ያኔ ብልጥ የሆንን መስሎን ነበር። ለካ በትንሽ ወጪ ተሳስቼ የምማርበትን ጊዜ ነው ያለፍኩት።

2. የኤስፒኤስኤስ ሥልጠና። እኔ ከፍያለሁ። አምስት ቅዳሜ፣ ከሰርተፍኬት ጋር። የተማርኩት የቱ ጋ እንደሚጫን ነው። ሶፍትዌሩ ያስገባሽለትን ቁጥር ያሰላል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅሽም። ለመለማመድ ጃሞቪ የሚባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ክራክ (ሳይከፈልበት የተሰበረ ሶፍትዌር) ፍለጋ ፍላሽ ይዘሽ አትዙሪ። ለሪፈረንስ (ለምንጭ ዝርዝርሽ) ዞቴሮ የሚባለውን ሶፍትዌር ጫኚ፣ እሱም ነፃ ነው። ብርሽን ለኮፒ አስቀምጪው።

3. መጠይቅ። የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው።

የማስተርስ ርዕሴ የሐዋሳ ባጃጅ ሹፌሮች ቁጠባ ነበር። 2014 ላይ። ርዕሱን አሁንም እወደዋለሁ። መጠይቁን ግን ስለ ባንክ ሠራተኞች ከተሠራ ጥናት አወረድኩት። «ሠራተኛ» የሚለውን «ሹፌር» አልኩት፣ ወደ አማርኛ መለስኩት፣ አራት ገጽ ሆነ። አድቫይዘሬ (አማካሪ መምህሬ) «ፓይለት አድርገሻል?» አሉኝ፤ መጠይቁን አስቀድመሽ ጥቂት ሰው ላይ ሞክረሻል ወይ ማለታቸው ነው። «አዎ» አልኩ። ሁለት ጓደኞቼን አስሞልቼ ነበር። ሁለቱም የማስተርስ ተማሪዎች ናቸው። ባጃጅ የሚያውቁት ከኋላ ወንበር ነው።

ከዚያ የሹፌሮቹ ስም ዝርዝር ፍለጋ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ደብዳቤዬ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ከራስጌው በታች ሳታነብ መለሰችልኝ። «እኛ ሁሉ አይደለንም» አለችኝ። ግቢ ተመልሼ በቢሮው ሙሉ ስም አስጻፍኩ (አንቺ ከመጀመሪያው እንደዚያ አስጽፊ)። «ተመርቷል» ተባልኩ። የተመራለት ሰውዬ ሥልጠና ላይ ነው። ከሥልጠና ሲመለስ ስብሰባ ላይ ነው። በአራተኛው ምልልስ አገኘሁት። ከስልኩ ቀና ሳይል «ስንት እንዳላቸው አውቀሽ ልትዘርፊያቸው ነው?» ብሎ ሳቀ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ዝርዝሩን ግን አገኘሁ። 1,200 ሹፌር። የሳምፕል ቁጥሩን (ስንት ሰው እንደምጠይቅ) በያማኔ ቀመር አወጣሁት፦ 0.05ን (የሚፈቀደውን የስህተት መጠን) በራሱ ታባዢና በ1,200 ታባዢዋለሽ፣ 3 ይመጣል፤ 1 ስትደምሪ 4። 1,200ን ለ4 ስታካፍይ 300። ይህቺን ያለ ካልኩሌተር ልመጃት፣ ዲፌንስ (ጥናትሽን ፈታኞች ፊት ስታቀርቢ) ላይ ይወዷታል። እና ልብ በይ፣ ብዙ ልጆች ዝርዝር ሳይኖራቸው መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው አስሞልተው ቻፕተር ስሪ (የአሠራር ምዕራፉ) ላይ «ሲምፕል ራንደም» (በዕጣ የተመረጠ) ብለው ይጽፋሉ። እሱ ራንደም አይደለም፣ ያጋጠመ ሰው ነው። እኔ ከዝርዝሩ በዕጣ ነው ያወጣሁት። ዕጣ የወጣላቸውን ፍለጋ ሦስት ሳምንት ፒያሳ፣ አቶቴ፣ መናኸሪያ ተንከራተትኩ። ተራ አስከባሪዎቹ ባይረዱኝ አልጨርሰውም ነበር።

ባጃጅ ላይ መጠይቅ ማስሞላት ምን እንደሚመስል ደግሞ ስላይድ ላይ የለም። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ምርጫ አለኝ። አንዱ ግማሽ ላይ ተሳፋሪ መጣበትና «እህቴ፣ ሁሉንም እስማማለሁ በይልኝ» ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። እንዲህም ሆኖ 287 ሰብስቤ ገባሁ። ጓደኞቼ 200 እንኳ አልሞላላቸውም፤ እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

ዳታውን ሳስገባ «ይቆጥባሉ?» ለሚለው አብዛኞቹ «አልቆጥብም» ብለዋል። ደስ አለኝ! ግኝት ያገኘሁ መሰለኝ። ስለ ቁጠባ ባህል አለመኖር ሁለት ገጽ አጋደምኩበት። የክሮንባክ አልፋዬ (መጠይቁ አስተማማኝ መሆኑን ይለካል የሚባለው ቁጥር) 0.82። 0.7 ካለፈ ይበቃል ተብለን ስለተማርን ለሁሉም ሰው አሳየሁት።

አንድ ቀን ማታ ከአቶቴ ወደ ቤት ስሄድ ሹፌሩ አንድ ሱቅ በር ላይ «አንዴ» ብሎኝ ቆመ። ለባለሱቁ 200 ብር ሰጠው። ባለሱቁ ደብተር ላይ ምልክት አደረገ።

«ዱቤ ነው?» አልኩት።

«አይ፣ ዕቁብ ነው። የቀን ዕቁብ።»

«በየቀኑ ነው የምትጥለው?»

«በየቀኑ። ባለፈው ሲወጣልኝ ሞተሩን አሠራሁበት።»

ውስጤ ቀጥ አለ። «ትቆጥባለህ ግን?»

«ኧረ እኔ የምን ቁጠባ አመጣሁ! ባንክ ደጃፍ አልደርስም።»

በወር 6,000 ብር የሚያስቀምጥ ሰው ነው እንግዲህ አልቆጥብም የሚለኝ። አልዋሸኝም። ለሱ ቁጠባ ማለት የባንክ ደብተር ነው፤ ዕቁብ ደግሞ ዕቁብ ነው። አራት ገጽ መጠይቄ ውስጥ ዕቁብ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረም። ያቺ 0.82ም አልጠቀመችኝም። አልፋ የሚነግርሽ ጥያቄዎችሽ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ ትክክለኛውን ነገር መጠየቅሽን አይደለም። አንድ ላይ ቢሳሳቱም አልፋው ያምራል።

ዝም ብዬ ላስገባው አላልኩም ብል እዋሻለሁ። ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። በሦስተኛው ቀን ለአድቫይዘሬ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ፓይለት ያደረግሽው እነማን ላይ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሴሚስተር አራዘምኩ፣ እንደገና ከፈልኩ፣ እንደገና 1,200 ገጽ አባዛሁ። እናቴ «ያቺ ትምህርት አላለቀችም?» ባለችኝ ቁጥር ርዕስ እቀይር ነበር።

በሁለተኛው ዙር «ይቆጥባሉ?» የሚለውን ጣልኩት። «ባለፈው ሳምንት ዕቁብ ስንት ጣሉ? ባንክ ስንት አስገቡ? ቤት ያስቀመጡት አለ? ለሰው በአደራ የሰጡትስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ምርጫ ሳይሆን ቁጥሩን እንዲነግሩኝ። መጀመሪያ አስር ሹፌር ላይ ሞከርኩት፤ እውነተኛ ሹፌር። ከአስሩ ውስጥ ሦስቱ «በአደራ» የሚለውን ብድር መስሏቸው ነበር፣ አስተካከልኩት። ዲፌንስ ላይ ኤክስተርናሉ (ከውጭ የመጡት ፈታኝ) «ዕቁብን ከቁጠባ የቆጠርሽው በምን መነሻ ነው?» አሉኝ። እህቴ፣ ያን ቀን ማን ያስቁመኝ! ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው ያስቆሙኝ።

ስለዚህ አንቺ ኮርሱ እስኪያልቅ አትጠብቂ። አምስት ጥያቄ ጻፊና አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡት ጋ ውረጂ፤ ጠዋት ሥራ ሲበዛባቸው ሳይሆን ትንሽ ፋታ ሲያገኙ። መልሱን ከሰማሽ በኋላ «ጥያቄውን ስትሰማው ምን ማለቴ መሰለህ?» በይ። ያቺ አንድ ጥያቄ ከአምስት ቅዳሜ ሥልጠና ትበልጣለች። ስህተት የምታወጣልሽ እሷ ናት።

መጽሐፉን ረሳሁት። መምህርሽ ስላይዱን የሠሩበት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ስላይድ ላይ ይጻፋል፤ እሱ ይበቃሻል። የሳምፕሊንግና የመጠይቅ ምዕራፎቹን ሁለቴ አንብቢ፣ የፍልስፍናውን ምዕራፍ ለማስተርስ አቆዪው። 4ና 5ም ነበሩኝ፣ ልጄ ተነሳችብኝ። መጠይቅሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። ከሰው የወረደ ከሆነ ግን እንዳትልኪው።