40 የዶሜይን ስም ይዞ መቀመጥ ሥራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ የመጨረሻ ዓመት የአይቲ ተማሪ ነኝ። ኢንተርኔት በአገራችን ገና እያደገ ስለሆነ የዶሜይን ስም (የድረ ገጽ አድራሻ) እንደ መሬት ዋጋ ያወጣል ብዬ አምናለሁ። የወሎ ከተሞችን፣ የአንዳንድ ባንኮችንና ፋብሪካዎችን ስም ጨምሮ 40 ስም መርጫለሁ። በዶት ኮም አስመዝግቤ ሰባት ዓመት ልይዛቸው አስቤያለሁ፤ አጎቴም ገንዘቡን ሊሰጠኝ ፈቅዷል። ሥራ ከምፈልግ ይህን ልያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ አብሽር፤ ሐሳብህ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1995 ድረስ ዶት ኮም በነጻ ነበር የሚመዘገበው። ቢዝነስ ዶት ኮም በ1999 በ7.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ቮይስ ዶት ኮም ደግሞ በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሽጠዋል። ይህን ያነበበ ወጣት ቢጓጓ አይፈረድበትም። ግን የገዢውን ማንነትም እይ። ቮይስን የገዛው ብሎክ ዋን በዚያ ስም የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሊጀምር ያቀደና ካዝናው የሞላ ኩባንያ ነበር። ስሙ ያን ያህል ያወጣው ሊሠራበት የቆረጠ ባለገንዘብ ስለመጣ ነው። አንተም ለእያንዳንዱ ስም «ይህን ማን፣ ለምን ሥራ ይገዛዋል?» ብለህ ጠይቅ። ከ40ዎቹ ስንቱ መልስ እንደሚያገኝ አብረን እንየው።

የተጠቃሚው ቁጥር ሲያድግ የስም ዋጋም አብሮ ያድጋል የሚለው ስሌት የመጣው ሰው ኮምፒውተር ከፍቶ የድርጅቱን አድራሻ ራሱ ይጽፍ ከነበረበት ዘመንና አገር ነው። የእኛ ሰው ኢንተርኔትን ያወቀው በስልኩ ነው። ደሴ ፒያሳ ጫማ የሚሸጠው ልጅ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ይለቃል፣ ገንዘቡን በቴሌብር ይቀበላል፣ ዕቃውን በባጃጅ ይልካል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ወዲህ፣ የሳፋሪኮም መግባት ደግሞ ከ2015 መጀመሪያ ወዲህ ገበያውን ብዙ ለውጠውታል፤ ሆኖም የዚህ ልጅ ንግድ ያለ ዶሜይን ስም እየሄደ ነው። ዕድገቱም ቢሆን ቀጥ ብሎ የሚወጣ መንገድ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ንግዱ ምን እንደሆነ አንተም አይተሃል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንድ ዶት ኮም በዓመት 12 ዶላር ያህል ያስወጣል ብንል 40ው 480 ዶላር፣ በሰባት ዓመት 3,360 ዶላር ይሆናል። መሬት አጥረህ ብትተወው ቢያንስ ሣር ያበቅላል፤ ስም ግን በየዓመቱ ካልታደሰ ከእጅህ ይወጣል። ክፍያው በዶላር መሆኑንም አትርሳ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል፤ የአንድ ስም ማደሻም በብር በዚያው ልክ ጨመረ። በዓለም ገበያ ስም የሚነግዱት ራሳቸው ከ100 ስም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ከተሸጠ ደህና ነው ይላሉ። በዚህ ልክ ከሄድን የአንተ 40 ስም በዓመት አንድም ላይሸጥ ይችላል።

የባንኮቹንና የፋብሪካዎቹን ስም ዛሬውኑ ከዝርዝርህ አውጣ። በዚህ ላይ አልለሳለስም። የተመዘገበ የንግድ ምልክትን ለባለቤቱ ልሸጥ ብሎ መያዝ በክፉ ልቦና እንደተደረገ ይቆጠራል። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሚሠራበት የክርክር ሥርዓት ለዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት አቤት ብሎ ሰባራ ሳንቲም ሳይከፍልህ ስሙን ሊወስደው ይችላል። አገራችንም የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አላት። ገና ከመመረቅህ ስምህ በዚህ እንዲነሳ አልፈልግም።

የከተሞቹ ስም ይህ ችግር ባይኖርበትም ገዢው አይታየኝም። የከተማ አስተዳደር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ለመንግሥት በተለየው በጎቭ ዶት ኢቲ ሥር ነው ቦታው። በዚያ ላይ ወሎን አንዱ በአንድ «ኤል» ሌላው በሁለት ይጽፋል፤ ደሴን አንዱ በአንድ «ኤስ» ሌላው በሁለት። በስልክ ሲነገር ተሳስቶ የሚጻፍ ስም ደግሞ ዋጋው ዝቅ ይላል።

እኔ የምመክርህ ስም ከመያዝ በስሙ የሚሠራውን ሙያ እንድትይዝ ነው። የፋይበር ኢንተርኔት ሲገባለት የራሱን ኢሜይልና ዌብሳይት የሚፈልገው ሆቴሉ፣ ክሊኒኩ፣ የግል ኮሌጁና አስመጪው ነው። ላሊበላ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በውጭ የቦታ ማስያዣ ድረ ገጽ በኩል ለሚመጣለት እንግዳ 15 በመቶ ገደማ ኮሚሽን ይከፍላል። በራሱ ስም ቀለል ያለ ገጽ ሠርተህ እንግዳው በቀጥታ እንዲይዝ ብታደርግለት ከሚተርፈው ላይ ያንተን ክፍያ ለመስጠት አያመነታም። ይህን ለመሥራት ዲኤንኤስን፣ ማለትም ስሙን ከሰርቨሩ (ገጹ ከሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ጋር የሚያገናኘውን ሥርዓት፣ ጠንቅቀህ ማወቅ አለብህ፤ «ኤ» ሪከርዱ ወደ ሰርቨሩ፣ «ኤምኤክስ» ሪከርዱ ወደ ኢሜይሉ እንዴት እንደሚያመለክት፣ የገጹ የደኅንነት ሰርቲፊኬት እንዴት እንደሚታደስ። አንድ ስም ለራስህ ግዛና እስኪገባህ አበላሽተህ አስተካክለው።

ብዙ ጊዜ የማየውን አንድ ጥፋት ልንገርህ። ባለሙያው የድርጅቱን ስም በራሱ ኢሜይልና ስልክ ያስመዘግባል። ከዚያ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ይገባል፣ የማደሻው ማሳሰቢያ እርሱ በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ጊዜው ያለፈበት ዶት ኮም ከመዝጋቢው ዝርዝር ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፣ ክፍያው ግን ከማደሻው ብዙ ይበልጣል። ያ ካለፈ ስሙን ማንም ሊያስመዘግበው ይችላል፣ ካርዱና ማስታወቂያው ላይ የታተመው አድራሻም ከንቱ ይሆናል። አንተ ስሙን በባለቤቱ አስመዝግብ፣ የይለፍ ቃሉን አስረክብ፣ የማደሻውን ቀን ከደረሰኙ ጋር በወረቀት ስጠው። ኮምቦልቻና ደሴ ሰው የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው፤ እንዲህ የሠራህለት ነጋዴ ለጎረቤቱ ይነግርልሃል።

ስም መግዛት ጨርሶ ተው አላልኩህም። አንተ ራስህ ልትሠራባቸው የምትችል ሁለት ሦስት ስሞች ከዝርዝርህ ካሉ ያዛቸው። የአጎትህን ገንዘብ ግን ለ40ው አታፍስስ፤ ከእርሱ ላይ ደህና ላፕቶፕና የአንድ ዓመት ሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ ቦታ) ግዛ፣ የተረፈውን መልስለት። ከመመረቅህ በፊት ከከተማው ሦስት ድርጅቶችን ሄደህ አነጋግርና ምን እንዳሉህ፣ ስንት ሊከፍሉ እንደፈቀዱ ጻፍልኝ። የዋጋ ማቅረቢያውን አብረን እናዘጋጀዋለን።