ቮልዩም ሲጨመር «ቡር ቡር» ለሚለው ትራንሲቨር

ስፒከሩን ተወው፣ ጤነኛ ነው። ራስህ የሠራኸው ትራንሲቨር (መላኪያና መቀበያ ሬዲዮ) ቮልዩም ስትጨምር ብቻ «ቡር ቡር» የሚለው ድምፅ የሚያጎላው ቺፕ (የኤልኤም 386 አይሲ) የኃይል መስመር ስለሚናወጥ ነው።

ከአይሲው 6ኛ እግር (ኃይል መግቢያው) ወደ ግራውንድ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በይድ። ከ7ኛው እግር ደግሞ 10 ማይክሮፋራድ። ብዙ ጊዜ እዚሁ ጸጥ ይላል።

አሁንም ድምፁ ከሻከረ፣ 1ኛውንና 8ኛውን እግር የሚያገናኘውን ካፓሲተር ንቀል። ማጉላቱ ከ200 እጥፍ ወደ 20 ይወርዳል። ደካማ ጣቢያ አልሰማ ካለህ መልሰውና 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ጨምርበት፤ 50 ላይ ይሆናል። እኔ የምወደው ይሄንን ነው።

አደራ፣ የ470ውን እግሮች አሳጥረህ አይሲው ሥር በይደው። እኔ ቦታ ጠቦኝ ጣት በሚያህል ሽቦ አርቄው ምንም ለውጥ አላመጣም ነበር፤ ሁለት ሌሊት አይሲ ስቀያይር አመሸሁ።