የባነር ማሽን ወደ ሰብሊሜሽን ሲዞር ቀለሙ ለምን ይቆራረጣል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባነርና ስቲከር እሠራለሁ። ያገለገለች 1.60 ሜትር የኢኮ ሶልቬንት ማሽን (በኬሚካል ማሟሚያ የተበጠበጠ ቀለም የምትጠቀም) ገዛሁና ማሊያ ላትምባት በውሃ አጥቤ የሰብሊሜሽን ቀለም፣ ማለትም ወረቀት ላይ ታትሞ በሙቀት ወደ ጨርቅ የሚተላለፈውን፣ ሞላሁባት። የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበረች። አሁን ማጀንታው (ሮዝማው ቀለም) ይቆራረጣል፣ ጥቁሩ ጭራሽ ጠፍቷል። ክሊኒንግ (ማሽኗ ሄዱን በራሷ የምታጸዳበትን) ባደረግሁ ቁጥር ይብስባታል። ሄዱ፣ ቀለም የሚረጨው ክፍል፣ ተቃጥሎ ይሆን?»

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ የተቃጠለ አይመስለኝም፤ ተደፍኖ ነው። ያስደፈነውም ውሃህ ነው። የኢኮ ሶልቬንት ቀለም ሙጫ አለው። ያ ሙጫ ውሃ ሲነካው ይቋጥራል፤ አሬራ ሲጣድ አይብና አጓቱ እንደሚለየው ማለት ነው። የሰብሊሜሽን ቀለም ደግሞ መሠረቱ ውሃ ነው። ቱቦው ውስጥ የቀረው አሮጌ ቀለም ከአዲሱ ጋር ተገናኝቶ ቋጠረ፣ ዳምፐሩ (ቀለሙ ሄዱ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ትንሽ ማጣሪያ) ላይ ተጠራቀመ። ክሊኒንግ ስትል ፓምፑ ያንን ቋጠሮ ወደ ሄዱ ይስበዋል። የሄዱ ቀዳዳ ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ስለዚህ ክሊኒንጉን ዛሬውኑ አቁም።

ቀለሙን አውጥተህ ድፋው፣ አትቆጭ። ቱቦዎቹን፣ ዳምፐሮቹን፣ ካፑን (ሄዱ ሲያርፍ የሚከደንበትን) እና ዋይፐሩን (ሄዱን የሚጠርገውን ጎማ) ቀይር፤ ሶልቬንት የጠጣ ቱቦ ታጥቦ አያልቅም። ከዚያ ማሽኑን ከሶኬት ንቀልና ሄዱን በተራ እጠበው። መጀመሪያ በራሱ በኢኮ ሶልቬንት ማጠቢያ፣ ምክንያቱም ሙጫውን የሚያሟሟው እሱ ነው። ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ አትቸኩል። ቀጥሎ ሶልቬንትንም ውሃንም በሚቀበል መሸጋገሪያ ፈሳሽ፣ በመጨረሻ በሰብሊሜሽን ማጠቢያ ወይም በተጣራ ውሃ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የባትሪ ውሃ የምትገዛ ከሆነ አሲድ ያልገባበት መሆኑን አረጋግጥ። ሲሪንጁን ቀስ ብለህ ግፋ፤ እምቢ ካለህ አትታገለው፣ በማጠቢያው አርሰህ አሳድረው። ፍላት ኬብሉን (ሄዱ ላይ የሚሰካውን ጠፍጣፋ ሽቦ) ጠብታ እንዳይነካው።

አዲሱን ቀለም ስትሞላ የማሽኑን ሂተሮች አጥፋ። ወረቀቱ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ ቢመስልህ አትደንግጥ፣ የሚፈካው በሂት ፕሬስ (በሙቀት መጫኛው) ወደ ጨርቁ ከተላለፈ በኋላ ነው። 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ ሞክር፤ ጨርቁን ግን አስቀድመህ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ እርጥበቱን አስወጣ። ማሊያው ነጭ ፖሊስተር ይሁን። ደንበኛ ጥጥ ቲሸርት ይዞ ቢመጣ ገንዘቡን አትቀበል፣ አንዴ ሲታጠብ ይዞብህ ይመለሳል።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀዋለህ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቀለሙ ይወፍራል፣ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሄዱ ቶሎ ይደርቃል። ክፍሉን አሙቅ፣ ከማሽኑ አጠገብ ውሃ የሞላ ሳፋ አኑር፣ ሥራ ባይኖርህም በየቀኑ ኖዝል ቼክ (የሄዱ ቀዳዳዎች መሥራታቸውን የሚያሳይ የሙከራ ህትመት) አትም። ከሁሉ የሚብሰው ግን የመብራቱ ነገር ነው። አንድ ጊዜ እያተምኩ መብራት ጠፋ፤ ይመጣል ብዬ ትቼው ደብረ ሲና ለቅሶ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ስመለስ ሄዱ ካፑ ላይ ሳይገባ መሃል መንገድ ቆሞ ደርቋል። አዲስ ሄድ የገዛሁበትን ዋጋ ባልነግርህ ይሻላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዛ፤ እሱ እስኪገዛ መብራት ሲጠፋ ሄዱን በእጅህ ቀስ አድርገህ ካፑ ላይ መልሰው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ እንጀራህ አሁንም ባነሩ ነው? ከሆነ ይህችን ማሽን ለማሊያ ብቻ ተዋት። ዛሬ ሰብሊሜሽን፣ ነገ ኢኮ ሶልቬንት እያልክ ብታመላልሳት ይኸው ቋጠሮ ይመለስብሃል።