ሌሊት ግልገል የሚወስደውን አውሬ በድምፅ ጠርቶ መግደል ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከጓሳ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ሰባት ግልገሎች አጥቻለሁ። ሁለቱን ጠዋት አንገታቸው ተነክሶና ሆዳቸው ተቀዶ አገኘኋቸው፤ የአምስቱ ግን ደብዛቸው ጠፋ። ፈቃድ ያለው ጠመንጃ የያዘ ጎረቤቴ የግልገል ጩኸት በስልኩ ቀድቶ በድምፅ ማጉያ ሌሊት እናሰማና ቀበሮው ሲመጣ በባትሪ ዓይኑን አይተን እንተኩስ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አምስት ወር በእናቱ ማሕፀን ቆይቶ የተወለደ ግልገል በአንድ ሌሊት ሲጠፋ የሚያድረውን ቁጭት እናውቃለን፤ አውሬውን ተዉት ብለንም አንመክርዎትም። ነገር ግን የጎረቤትዎ ዘዴ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ የሚጮኸው ድምፅ የሚጠራው ግልገልዎን የበላውን ሳይሆን በዚያ ሌሊት የሰማውንና የተራበውን ሁሉ ነው። በድምፅ መጥራት እንደሚሠራ አያጠራጥርም። በትግራይ የጅብን ብዛት ያጠኑ ተመራማሪዎች የተቀዳ ድምፅ በማጉያ እያሰሙ ጅቦቹን ጠርተው ቆጥረዋቸዋል። ለቆጣሪ ማንም ቢመጣ ችግር የለውም፤ ለተኳሽ ግን የመጣው ማን እንደሆነ ማወቅ የሁሉ ነገር መጀመሪያ ነው።

ስለዚህ ከጠመንጃው በፊት ቢላዋ ይያዙ። የሞተ ግልገል ሲያገኙ እጅዎን በላስቲክ ጓንት ሸፍነው የአንገቱን ቆዳ ይግፈፉና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይመልከቱ። በንክሻው ቦታ ደም ረግቶ ከተገኘ ግልገሉ የተነከሰው በሕይወት ሳለ ነው፤ ቆዳው ተበስቶ ከሥሩ ደም ካልረጋ ግን ግልገሉ አስቀድሞ በብርድ፣ በበሽታ ወይም በወተት እጥረት ሞቶ አውሬው የበላው በኋላ ነው። በመንዝ ብርድ ይህ እምብዛም የማይደርስ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ላለው ሞት መድኃኒቱም ጥይት ሳይሆን ደረቅ ጉዝጓዝና የእናቲቱ መኖ ነው። ቀበሮ በአብዛኛው ጉሮሮን ይዞ ይገድልና ሆድን ከጎን በኩል ይከፍታል፤ የእርስዎ ሁለት ግልገሎች ይህን ይመስላሉ። ጅብ አጥንቱን ሰባብሮ ስለሚበላ የሚያስተርፈው ጥቂት ነው፤ ኩሱም በአጥንቱ ምክንያት ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። ነብር ያረደውን ወደ ቁጥቋጦ ወይም ወደ ገደል ይጎትታል፤ ጥፍሩን ሰብስቦ ስለሚራመድም በዱካው ላይ የጥፍር ምልክት አይታይም። ብዙ በጎች እግራቸው፣ ጆሯቸውና ታፋቸው ተነክሶ፣ ሥጋቸው ግን ብዙም ሳይበላ ከተገኙ ደግሞ ጥርጣሬዎ በመንደሩ ውሾች ላይ ይሁን። ይህን የምንለው በድፍረት ነው፤ ውሻ ያጠፋው ጥፋት በቀበሮ የሚሳበብበት ጊዜ ብዙ ነውና።

እርስዎ ባሉበት አካባቢ ይህ ጥንቃቄ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይብሳል። ጓሳ፣ የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀው ምድር፣ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ የቀረውም ቁጥር 500 ያህል ብቻ ነው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ሲሆን፣ የሚያድነውም በአብዛኛው በቀን ነው፤ ስለዚህ የሌሊቱ ጥፋት ከተራው ቀበሮ እንጂ ከእርሱ ጋር እምብዛም አይያያዝም። ሆኖም በጨለማ በባትሪ የሚያበራ ዓይን ስም የለውም። የጅብ፣ የቀበሮ፣ የውሻ፣ የበግና የአህያ ዓይን ሁሉ ያበራል። ዓይን ብቻ አይቶ የሚተኩስ ሰው የጎረቤቱን ውሻ ወይም ከ500ዎቹ አንዱን ሊገድል ይችላል። ከእንስሳ አልፎም፣ ለማኅሌት በሌሊት የሚወጣ ሰው በሚመላለስበት መንገድ አቅጣጫ የተተኮሰ ጥይት የት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል? የጠመንጃ ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የዱር እንስሳትን የሚመለከተው አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የጦር መሣሪያ ፈቃድም የአደን ፈቃድ አይደለም። ጉዳቱን ለቀበሌና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የሞቱትን ግልገሎች ፎቶግራፍም ያያይዙ። ባለሙያ ተመድቦ አውሬው እንዲገደል ቢወሰን እንኳ፣ ተኳሹ መላ አካሉን በኃይለኛ መብራትና በአቅራቢ መነጽር ለይቶ ሳያይ፣ ከኋላውም ጥይቱን የሚያስቀር ተዳፋት ሳይኖር መተኮስ የለበትም። አውሬው የሚጮኸውን ለማሽተት ነፋሱ ከድምፁ አልፎ ወደሚነፍስበት በኩል ዞሮ ስለሚመጣ፣ መጠበቅ ያለበትም በዚያው በኩል ነው። ድምፅ ሰምቶ መጥቶ ተተኩሶበት ያመለጠ አውሬ ሁለተኛ ጊዜ በዚያ ድምፅ በቀላሉ አይታለልም። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ቅኝ ግዛት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለተገደለ ቀበሮ ገንዘብ ይከፈል ነበር፤ ይሁንና ቀበሮው እስከ ዛሬ የበግ አርቢዎቹ ዋነኛ ጠላት ነው። ግዛት የያዙት ጥንዶች ሲገደሉ በቦታው ሌሎች ይገቡበታልና።

የሚያስተማምነው ጉረኖው ነው። ግልገሎቹ ደብዛቸው የጠፋው አውሬው ገብቶ ይዞ መውጣት ስለቻለ ነውና በሩንና የካቡን ሥር ይመርምሩ። ካቡ ከሰው ቁመት በላይ ይሁን፤ በላዩ የሚደረደረው እሾህ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ በሩ ከመሬት ጋር ክፍተት ሳይተው ይገጠም። በመውለጃቸው ወራት እናቶቹ ከነግልገሎቻቸው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጣሪያ ባለው ቤት ይደሩ። የሞተ በግ ወይም የእንግዴ ልጅ ሜዳ ላይ አይጣል፤ ሽታው አውሬ ይጠራል። በኬንያ ሪቻርድ ቱሬሬ የተባለ ልጅ በ11 ዓመቱ የሠራው፣ በፀሐይ ኃይል እየበራ የሚጠፋ መብራት አንበሶችን ከከብት በረት እንዳራቀ ይታወቃል። ለቀበሮም ሊሞከር ይችላል፤ እንዳይለምደው ግን ቦታውን መቀያየር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የኛ መንደር ሰዎች በሞተ አህያ ሥጋ ላይ መርዝ አድርገው ለጅብ ሊያስቀምጡ ተነጋግረዋል። ምን ጉዳት አለው?

መልስ፦ እባክዎ ያስቁሟቸው። መርዙ ጅቡን ብቻ አይመርጥም፤ ከብት ጠባቂ ውሾችን፣ ቀበሮዎችንና በአንድ ጥንብ ላይ በመንጋ የሚያርፉትን ጥንብ አንሳዎች አብሮ ይፈጃል። ጥንብ አንሳ ሲያልቅ ጥንቡ ለባዘኑ ውሾች ይተርፋል፤ በእነርሱ መብዛትም የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ይጨምራል። የተመረዘው ሥጋ አስቀድሞ ተቀምጦ ከሆነ በባዶ እጅ ሳይነኩት፣ ልጆችንና ውሾችን አርቀው፣ ከውኃ ምንጭ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት፤ በአካባቢው የሞተ ወፍም ሆነ እንስሳ ካለ ሌላው እንዳይበላው አብረው ይቅበሩ፤ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያም በዚያው ቀን ያሳውቁ።